የህንድን ብሔራዊ ቡድን የውጤት መዝገብ ከጨዋታ ጨዋታ እንዴት እንሠራለን፣ እንዴትስ እናነባለን

ህንድ በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ በእግር ኳስ አራተኛ ወጥታለች። በእስያ ጨዋታዎች ሁለት ጊዜ ወርቅ ወስዳለች፤ በ1964 የእስያ ዋንጫ ሁለተኛ ሆናለች። ይህችው አገር በማርች 2015 በፊፋ የደረጃ ሰንጠረዥ 173ኛ ነበረች፤ በዓለም ዋንጫ መድረክ ደግሞ እስካሁን አንድም ጨዋታ አላደረገችም። እነዚህን መስመሮች ጎን ለጎን ደርድሮ «ከከፍታ ወደ ዝቅታ» የሚል ርዕስ መስጠት የተለመደ ነው። ግን ሜልቦርን ላይ አራተኛ የወጣው ቡድን ስንት ጨዋታ አሸነፈ? አንድ ብቻ። በ2023 የደቡብ እስያ ዋንጫን ያነሳውስ? አምስት ተጫውቶ ሁለት። ደረጃና ዋንጫ ብቻውን የቡድንን አቅም አይናገርም። የሚናገረው በአንድ መስመር አንድ ጨዋታ የተጻፈበት፣ ደምሩ ተመሳክሮ የተስተካከለ መዝገብ ነው። እሱን ለመሥራት ደግሞ አንድ ኤክሴል ወይም ጎግል ሺት፣ ትዕግሥትና ጥቂት ደንቦች ይበቃሉ።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ቀኖች የኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆኑ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን ናቸው።

መጀመሪያ ወሰኑን አስምሩ

የመጀመሪያው ጥያቄ «የህንድ ቡድን» ስንል የትኛውን ነው የሚለው ነው። የህንድ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1937 ሲሆን ፊፋን የተቀላቀለው በ1948 ነው። በመካከሉ፣ በ1947፣ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላለች። በ1938 ወደ አውስትራሊያ ተጉዞ የተጫወተው የህንድ ቡድን የሚወክለው ግዛት ዛሬ ህንድ፣ ፓኪስታንና ባንግላዴሽ የሆነውን ነው። ስለዚህ መዝገባችሁ ከ1938 ይጀምር ወይስ ከ1948 ለንደን ኦሊምፒክ የሚለውን ገና ከመነሻው ወስናችሁ ገጹ አናት ላይ ጻፉት። የእኛ ምክር ከ1948 እንድትጀምሩ ነው። የቀድሞዎቹን ጨዋታዎች አትጣሏቸው፤ በሌላ ገጽ ያዟቸው። ሁለቱን ደባልቆ መደመር ከሌላ ሰው ዝርዝር ጋር ስታመሳክሩ ምክንያቱ የማይገኝ ልዩነት ያመጣባችኋል።

ሁለተኛው ወሰን የቡድኑ ዓይነት ነው። የኦሊምፒክ እግር ኳስ ከ1992 ጀምሮ ከ23 ዓመት በታች ሆኗል። የእስያ ጨዋታዎች እስከ 1998 ድረስ በዋናው ቡድን ይካሄዱ ነበር፤ ከ2002 ወዲህ ከ23 ዓመት በታች ተጫዋቾችና ከዚያ በላይ የሆኑ ሦስት ተጨማሪዎች ናቸው የሚሰለፉበት። ህንድ በ1951 ኒው ዴልሂ ላይ፣ በ1962 ደግሞ ጃካርታ ላይ የወሰደቻቸው ወርቆችና በ1970 ባንኮክ ላይ ያገኘችው ነሐስ የዋናው ቡድን ናቸው። ከ2002 በኋላ ያሉት የእስያ ጨዋታዎች ግን እዚህ መዝገብ ውስጥ አይገቡም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውድድሩ ስሙን ስላልቀየረ ቡድኑም ያው ይመስላል። የሴቶቹ ቡድንም የራሱ የተለየ መዝገብ ይገባዋል።

የድሮ ኦሊምፒክ ጨዋታዎችን በተመለከተ የዝርዝር አዘጋጆች አይስማሙም። አንዱ እንደ ሙሉ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ይቆጥራቸዋል፣ ሌላው ያወጣቸዋል። ለዚህ መፍትሔው አንዱን ወገን መምረጥ አይደለም፤ «የቡድን ዓይነት» የሚል ዓምድ ከፍቶ «ዋና»፣ «ዋና-ኦሊምፒክ»፣ «ከ23 በታች» ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። ያን ጊዜ በማጣሪያው ቁልፍ ብቻ ሁለቱንም ድምር ማውጣት ትችላላችሁ።

ዓምዶቹ

ለእያንዳንዱ ጨዋታ እነዚህን ያዙ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ከተማ፣ አስተናጋጅ አገር፣ ተጋጣሚ፣ ውድድር፣ ዙር፣ ሜዳ (በሜዳው፣ ከሜዳው ውጪ፣ ገለልተኛ)፣ የቡድን ዓይነት፣ ያስቆጠረው ግብ፣ የገባበት ግብ፣ ተጨማሪ ሰዓት አለ ወይስ የለም፣ የመለያ ምት ውጤት፣ ግብ አስቆጣሪዎች፣ አሰልጣኝ፣ ማስታወሻ።

ውጤቱን በአንድ ሳጥን «2-1» ብላችሁ አትጻፉ። ኤክሴል ይህን ቀን አድርጎ ይለውጠዋል፤ ስትመለሱ የጥር ወይም የየካቲት ቀን ታገኛላችሁ፣ ዋናው ውጤትም ጠፍቶ ይቀራል። ግቦቹን በሁለት የተለያዩ ዓምዶች ማስገባት ከዚህ ያድናል፤ ለመደመርም ያመቻል።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። ኮምፒዩተሩ «ህንድ»ንና «ሕንድ»ን፣ «ኩዌት»ንና «ኩዌይት»ን፣ «አፍጋኒስታን»ንና «ኣፍጋኒስታን»ን እንደ ተለያዩ አገሮች ነው የሚቆጥራቸው። ከኩዌት ጋር የተደረጉ ጨዋታዎችን ስትቆጥሩ ግማሾቹ ይጎድላሉ፤ ስህተት ነው የሚል ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ስለዚህ የአገር ስሞችን በሌላ ገጽ አንድ ጊዜ ጽፋችሁ ከተቆልቋይ ዝርዝር ብቻ እንዲመረጡ አድርጉ። ከስሙ በኋላ በስህተት የገባች ባዶ ቦታም ተመሳሳይ ጥፋት ታደርሳለች።

የተጋጣሚን ስም በጨዋታው ዘመን እንደነበረ ጻፉት፦ ዩጎዝላቪያ፣ ሶቭየት ኅብረት፣ ደቡብ ቬትናም፣ በርማ። ህንድ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ 10 ለ 1 የተሸነፈችው በዩጎዝላቪያ ነው፤ በሴፕቴምበር 1955 ሞስኮ ላይ 11 ለ 1 የተሸነፈችው በሶቭየት ኅብረት ነው። እነዚህን ወደ ሰርቢያና ወደ ሩሲያ ማዞር የፈለገ ሰው ሌላ ዓምድ ይጨምር እንጂ ዋናውን አይደልዝ።

የአቻና የፎርፌ ደንብ

በመለያ ምት የተጠናቀቀ ጨዋታ በመዝገብ ላይ አቻ ነው። ዋንጫው የአሸናፊው ነው፣ ጨዋታው ግን አቻ ነው። በተጨማሪ ሰዓት የተገኘ ግብ ይቆጠራል፣ በመለያ ምት የገባ ግብ አይቆጠርም። የ2023ቱን የደቡብ እስያ ዋንጫ በዚህ ደንብ እንመዝግበው። ህንድ ፓኪስታንን 4 ለ 0፣ ኔፓልን 2 ለ 0 ረታች፤ ከኩዌት ጋር 1 ለ 1 ወጣች። በግማሽ ፍጻሜው ከሊባኖስ ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ በመለያ ምት 4 ለ 2 አለፈች፤ በፍጻሜው እንደገና ከኩዌት ጋር 1 ለ 1 ሆና በመለያ ምት 5 ለ 4 ዋንጫውን አነሳች። መዝገቡ የሚያሳየው፦ 5 ጨዋታ፣ 2 ድል፣ 3 አቻ፣ ሽንፈት የለም፣ 8 ግብ አስቆጥራ 2 ገባባት። «አምስቱንም አሸነፈች» ብሎ የጻፈ ሰው ሦስት ድል ከየት አመጣ? መለያ ምቶቹን ድል አድርጎ ቢቆጥር እንኳ የሚያገኘው አራት ነው።

ኩዌትና ሊባኖስ የደቡብ እስያ አገሮች እንዳልሆኑ አንባቢ ይጠይቃችኋል። ተጋባዥ ሆነው ነው የተሳተፉት፤ ማስታወሻው ዓምድ ላይ አስፍሩት።

ያልተካሄደ ጨዋታ አይቆጠርም። በሜልቦርን የህንድ የመጀመሪያ ተጋጣሚ ሀንጋሪ ነበረች፤ ሀንጋሪ ከውድድሩ ስለወጣች ህንድ ሳትጫወት ወደ ሩብ ፍጻሜ አለፈች። ይህ ድል አይደለም፤ የግብ ድምር ላይም አይገባም። ሆኖም መስመሩን ባዶ አትተዉት። «ያለ ጨዋታ አለፈች» ብላችሁ ያለ ተራ ቁጥር ጻፉት፤ አለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጨዋታ የጎደላችሁ መስሏችሁ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

አንድ ምድብ ከጫፍ እስከ ጫፍ

ሥራውን ለመልመድ የ2026 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያን ሁለተኛ ዙር ውሰዱ። ህንድ ከኳታር፣ ከኩዌትና ከአፍጋኒስታን ጋር ነበረች። ስድስቱ ጨዋታዎች እነዚህ ናቸው፦

ኖቬምበር 16፣ 2023፣ ኩዌት ሲቲ፦ ኩዌት 0፣ ህንድ 1 (ማንቪር ሲንግ)
ኖቬምበር 21፣ 2023፣ ቡባኔሽዋር፦ ህንድ 0፣ ኳታር 3
ማርች 21፣ 2024፣ አብሃ፦ አፍጋኒስታን 0፣ ህንድ 0
ማርች 26፣ 2024፣ ጉዋሃቲ፦ ህንድ 1 (ሱኒል ቼትሪ፣ በፍጹም ቅጣት ምት)፣ አፍጋኒስታን 2
ጁን 6፣ 2024፣ ኮልካታ፦ ህንድ 0፣ ኩዌት 0
ጁን 11፣ 2024፣ ዶሃ፦ ኳታር 2፣ ህንድ 1 (ላሊያንዙዋላ ቻንግቴ)

ደምሩት፦ 1 ድል፣ 2 አቻ፣ 3 ሽንፈት፣ 3 ግብ አስቆጥራ 7 ገባባት፣ 5 ነጥብ። አሁን ማመሳከር ይቀራል። የመጀመሪያው ማመሳከሪያ የግብ አስቆጣሪዎች ቁጥር ነው፤ ሦስት ስም አለ፣ ሦስት ግብ አለ፣ ልክ ነው። ተጋጣሚ በራሱ ላይ ያስቆጠረው ግብ ቢኖር እሱንም መደመር ነበረባችሁ።

ሁለተኛው ማመሳከሪያ ምድቡን በሙሉ ይመለከታል። ኳታር 16፣ ኩዌት 7፣ ህንድ 5፣ አፍጋኒስታን 5 ነጥብ ይዘው ጨርሰዋል፤ ድምሩ 33 ነው። አራት ቡድኖች ደርሶ መልስ ሲጫወቱ 12 ጨዋታ ይሆናል። አሸናፊ ያለው ጨዋታ 3 ነጥብ፣ አቻ ደግሞ 2 ነጥብ ያከፋፍላል። ስለዚህ 36 ሲቀነስ የአቻዎች ብዛት 33 መምጣት አለበት፤ አቻዎቹ ሦስት ናቸው ማለት ነው። ህንድ ከአፍጋኒስታን፣ ህንድ ከኩዌት፣ ኳታር ከአፍጋኒስታን። ገጠመ።

ሦስተኛው የጎል ክፍያ ነው። የምድቡ ቡድኖች ክፍያ ሲደመር ዜሮ መሆን አለበት፤ አንዱ ያስቆጠረው በሌላው ላይ የገባ ነውና። ኳታር 15 ትርፍ፣ ኩዌት ዜሮ፣ ህንድ 4 ዕዳ፣ አፍጋኒስታን 11 ዕዳ፤ ድምሩ ዜሮ። ዜሮ ካልመጣ አንድ ውጤት በስህተት ገብቷል። ልዩነቱ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6) ከሆነ መጀመሪያ የተገለበጠ ውጤት ፈልጉ፤ ጎደሎ ከሆነ ግን አንድ ግብ ጎድላለች ወይ ተርፋለች ማለት ነው።

አሁን «ሜዳ» የሚለውን ዓምድ አጣሩ። ህንድ በሜዳዋ ሦስት ተጫውታ 1 አቻ፣ 2 ሽንፈት፣ 1 ግብ አስቆጥራ 5 ገባባት። ከሜዳዋ ውጪ (የአብሃውን ገለልተኛ ሜዳ ጨምሮ) 1 ድል፣ 1 አቻ፣ 1 ሽንፈት፣ 2 ለ 2። ከአምስቱ ነጥብ አራቱ የተገኙት ከአገሯ ውጭ ነው። ህንድ በዚያ ማጣሪያ የወደቀችው በቡባኔሽዋር፣ በጉዋሃቲና በኮልካታ፣ በገዛ ደጋፊዋ ፊት ነው። ኩዌት ያለፈችው ህንድን በሁለት ነጥብ ብቻ በልጣ መሆኑን ደግሞ ልብ በሉ፤ ጉዋሃቲ ላይ አፍጋኒስታንን ብታሸንፍ ኖሮ ስምንት ነጥብ ይዛ ከኩዌት በላይ ትቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለ ንባብ ከደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣም።

የአብሃው ጨዋታ ሁለት ነገር ያስተምራል። አፍጋኒስታን በአገሯ ማስተናገድ ስላልቻለች ጨዋታው የተካሄደው በሳዑዲ ዓረቢያ ነው፤ በወረቀት የአፍጋኒስታን ሜዳ፣ በተግባር ገለልተኛ። ዓምዱ ላይ «ገለልተኛ» በሉና ማስታወሻው ላይ «ባለሜዳ ተብላ የተመዘገበችው አፍጋኒስታን» ብላችሁ አክሉ። ሌላው ሰዓቱ ነው። ጨዋታው በሳዑዲ ሰዓት፣ እንደ እኛም አገር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተጀመረ፤ በህንድ ግን እኩለ ሌሊት አልፎ ማርች 22 ገብቶ ነበር። ለዚህ ነው የህንድ ጋዜጦች 22 ብለው የጻፉትን ሌሎች 21 የሚሉት። ደንቡ አንድ ነው፦ ቀኑ ጨዋታው የተካሄደበት ከተማ ቀን ነው። ይህን ካልያዛችሁ አንዱን ጨዋታ ሁለት ጊዜ ትመዘግባላችሁ።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ

ለአማርኛ አንባቢ የኢትዮጵያን ቀን መስጠት ተገቢ ነው፤ መዝገቡ የሚደረደረው ግን በአውሮፓውያኑ ይሁን፣ የእኛው በተጨማሪ ዓምድ ይግባ። ሁልጊዜ 8 መቀነስ የተለመደ ስህተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ፣ ማለትም የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ፣ ልዩነቱ 7 ነው። ህንድ ሜልቦርን ላይ አውስትራሊያን ያሸነፈችበት ዲሴምበር 1፣ 1956 ኅዳር 22 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው፤ 1948 አይደለም።

አንዳንዴ የእኛው አቆጣጠር ነገሩን ያጠራዋል። የ2015 የደቡብ እስያ ዋንጫ የተጀመረው በዲሴምበር 2015 ሲሆን፣ ህንድ አፍጋኒስታንን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ያሸነፈችበት ፍጻሜ ግን የተካሄደው በጃንዋሪ 3፣ 2016 ነው። ስለዚህ «የ2015 ሻምፒዮን» እና «በ2016 ያሸነፈችው ዋንጫ» ሁለት ዋንጫ መስለው በስህተት የተደመሩባቸው ዝርዝሮች ይገኛሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁሉም በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ውስጥ ያልቃል። የእስያ ዋንጫም እንዲሁ፦ «የ2023» የሚባለው ኳታር ላይ የተካሄደው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 2024 ነው። የውድድሩን ስምና የጨዋታውን ቀን በየራሳቸው ዓምድ አስቀምጡ።

የእስያ ዋንጫውን መደመር

ህንድ በእስያ ዋንጫ ዋና ውድድር አምስት ጊዜ ተሳትፋለች። በ1964 ደቡብ ኮሪያን 2 ለ 0፣ ሆንግ ኮንግን 3 ለ 1 አሸንፋ በአስተናጋጇ እስራኤል 2 ለ 0 ተሸነፈች። በ1984 ሲንጋፖር ላይ ከኢራን ጋር 0 ለ 0 ወጥታ በሲንጋፖርና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በተመሳሳይ 2 ለ 0፣ በቻይና 3 ለ 0 ተረታች። በ2011 ዶሃ ላይ በአውስትራሊያ 4 ለ 0፣ በባህሬን 5 ለ 2፣ በደቡብ ኮሪያ 4 ለ 1። በ2019 ታይላንድን 4 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ በኤምሬቶች 2 ለ 0፣ በባህሬን 1 ለ 0 ተሸነፈች። በ2023ቱ ደግሞ በአውስትራሊያ 2 ለ 0፣ በኡዝቤኪስታን 3 ለ 0፣ በሶሪያ 1 ለ 0።

ጠቅላላ፦ 16 ጨዋታ፣ 3 ድል፣ 1 አቻ፣ 12 ሽንፈት፣ 12 ግብ አስቆጥራ 33 ገባባት። ከሦስቱ ድሎች ሁለቱ የ1964 ናቸው።

ይህን «ሁለተኛ የወጣች አገር» የሚለውን ስታነቡ የቡድኖቹ ብዛት የት አለ ብላችሁ ጠይቁ። በ1964 ዋናው ውድድር አራት ቡድን ብቻ ነበረው፤ ግማሽ ፍጻሜም ፍጻሜም አልነበረም፣ ሁሉም ከሁሉም ተጫውቶ ነጥብ ነው የተቆጠረው። ህንድ ደግሞ በማጣሪያው ተጋጣሚዎቿ ስለወጡ ሳትጫወት ነው የደረሰችው። ስለዚህ በውድድር ማጠቃለያ ገጻችሁ ላይ «ተሳታፊ ቡድኖች» የሚል ዓምድ ግድ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንስም። እኛም በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ ውድድሩ የአራት ቡድን ነበር፤ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን። ሁለት ጨዋታ፣ ሁለት ድል፣ አንድ ዋንጫ። ቁጥሩ ሲጻፍ ታሪኩ ይበልጥ ይታመናል።

ህንድም የጃካርታውን ወርቅ ያገኘችው በዚያው በእኛ 1954 ዓ.ም. ነው። የእኛ ዋንጫ ጥር 13፣ የእነሱ ወርቅ ነሐሴ 29።

የጃካርታውና የሜልቦርኑ ውጤት ሲነበብ

የ1962ቱ መዝገብ ከሁሉም ዘመናቸው የሚያኮራው ነው፤ ቁጥሩም ይህንኑ ይመሰክራል። በምድቡ መክፈቻ በደቡብ ኮሪያ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ከዚያ ታይላንድን 4 ለ 1፣ ጃፓንን 2 ለ 0፣ በግማሽ ፍጻሜ ደቡብ ቬትናምን 3 ለ 2፣ በፍጻሜው ያንኑ ደቡብ ኮሪያን 2 ለ 1። አምስት ጨዋታ፣ አራት ድል፣ 11 ለ 6። የፍጻሜውን ሁለት ግቦች ፒ. ኬ. ባነርጂና ጃርናይል ሲንግ አስቆጠሩ። ጃርናይል ተከላካይ ነበር፤ በውድድሩ መካከል ግንባሩ ተፈንክቶ ተሰፍቶለት ስለነበር አሰልጣኙ ሰይድ አብዱል ራሂም ወደ አጥቂ መስመር አመጣው። «ግብ አስቆጣሪ» በሚለው ዓምድ ላይ የተከላካይ ስም በትልቅ ፍጻሜ ሲገኝ ስህተት ነው ብሎ የሚደልዝ ሰው ስላለ ማስታወሻው ላይ ምክንያቱን ጻፉ። ራሂም ያኔ በካንሰር ታሞ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት አረፈ። «አሰልጣኝ» የሚለውን ዓምድ አጣርታችሁ ከእሱ በፊት፣ በእሱ ጊዜና ከእሱ በኋላ ያለውን ውጤት ብታወዳድሩ ስለ ህንድ እግር ኳስ ከሁሉ የበለጠውን ነገር ታያላችሁ፤ ሁለቱም የ1956ቱና የ1962ቱ ቡድኖች የእሱ ነበሩ።

በጃካርታ እስራኤልና ታይዋን አልተሳተፉም፤ አስተናጋጇ ኢንዶኔዥያ አላስገባቻቸውም። ይህም ማስታወሻ ነው።

ሜልቦርን ላይ ሩብ ፍጻሜው አውስትራሊያን 4 ለ 2 ሲሆን ኔቪል ዲሱዛ ሀትሪክ ሠራ። በግማሽ ፍጻሜው ዩጎዝላቪያ ላይ ቀድሞ ያስቆጠረውም እሱ ነው፤ ጨዋታው ግን 4 ለ 1 አለቀ። ለነሐስ ከቡልጋሪያ ጋር ተጫውተው 3 ለ 0 ተሸነፉ። በውድድሩ የተሳተፉት 11 ቡድኖች ነበሩ። እንግዲህ መስመሩ፦ 3 ጨዋታ፣ 1 ድል፣ 2 ሽንፈት፣ 5 ለ 9፣ አራተኛ ደረጃ፣ በኦሊምፒክ ለግማሽ ፍጻሜ የበቃ የመጀመሪያው የእስያ ቡድን። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ይጻፍ።

የ1950ውን የዓለም ዋንጫ እንዴት ትጽፋላችሁ

በማጣሪያው በርማ፣ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ስለወጡ ህንድ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ አለፈች፤ ከዚያ ራሷን አገለለች። መስመሩ «አልፋ ራሷን አገለለች፣ 0 ጨዋታ» ነው። ምክንያቱን ስትጽፉ በባዶ እግር መጫወት ስለተከለከለች ነው የሚለውን ወሬ እንዳለ አታስገቡ። በ1948 ለንደን ላይ በፈረንሳይ 2 ለ 1 ሲሸነፉ አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው ነበሩ፤ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምትም አመለጣቸው። በ1952 ሄልሲንኪም ያለ ጫማ የተሰለፉ ነበሩ። ጫማው ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ወሬው ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ጋር እንዲህ አይጋጭም ነበር። ፌዴሬሽኑ ያቀረበው ምክንያት የተጫዋች ምርጫ አለመስማማትና የዝግጅት ጊዜ ማነስ ነው። ያን ጊዜ ትልቁ መድረክ ኦሊምፒክ ተደርጎ መታየቱም አስተዋጽኦ አድርጓል።

የፊፋን ደረጃ ማንበብ

የህንድ ከፍተኛ ደረጃ በፌብሩዋሪ 1996 የተገኘው 94ኛነት ነው። የፊፋ ሰንጠረዥ የተጀመረው በ1992 መጨረሻ ስለሆነ በራሂም ዘመን ስንተኛ ነበሩ የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። በ1996ና በዛሬው ደረጃ መካከልም ቀጥታ ማወዳደር አይቻልም፤ የስሌቱ ዘዴ ተቀያይሯል።

አሁን ያለው፣ ከኦገስት 2018 ጀምሮ የሚሠራበት፣ በወረቀት ሊሰላ ይችላል። 1200 ነጥብ ያለው ቡድን 1500 ካለው ጋር ይጫወት እንበል። ልዩነቱን 300ን ለ600 አካፍሉ፤ 0.5 ይመጣል። 10ን በ0.5 ኃይል አንሱ፤ 3.162 ነው። 1 ደምሩ፤ 4.162። 1ን ለዚህ አካፍሉ፤ 0.24። ይህ የደካማው ቡድን የሚጠበቅ ውጤት ነው። ከተገኘው ውጤት (ድል 1፣ አቻ 0.5፣ ሽንፈት 0) ላይ ቀንሱና በጨዋታው ክብደት አባዙ። ክብደቱ በፊፋ የጨዋታ ቀናት ለሚደረግ ወዳጅነት ጨዋታ 10፣ ከእነሱ ውጪ ከሆነ 5፣ ለማጣሪያ 25፣ ለአህጉር ዋንጫ ከሩብ ፍጻሜ በፊት 35 ነው።

ስለዚህ ያ ደካማ ቡድን በማጣሪያ ቢያሸንፍ 19 ነጥብ ያገኛል፤ አቻ ቢወጣ 6.5 ያገኛል፤ ቢሸነፍ 6 ያጣል። በወዳጅነት ጨዋታ ቢያሸንፍ ግን 7.6 ብቻ። የግብ ብዛትም ሆነ ሜዳ በስሌቱ አይገቡም። ኮልካታ ላይ ከኩዌት ጋር በአቻ መለያየት ብዙም ነጥብ ሳያሳጣ ማጣሪያውን ግን ሊያሳጣ የቻለው ለዚህ ነው።

የተጫዋቾች መዝገብ

ሱኒል ቼትሪ በጁን 2005 ፓኪስታን ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ ግብ አስቆጠረ። ጁን 6፣ 2024 ከኩዌት ጋር ሲሰናበት 151 ጨዋታና 94 ግብ ነበረው። በማርች 2025 ተመልሶ ማልዲቭስ ላይ 95ኛውን አክሏል። «94» የሚል ጽሑፍና «95» የሚል ጽሑፍ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ የተጫዋች ቁጥር ስታወጡ «እስከዚህ ቀን» የሚል ሐረግ አይለየው። ለከ23 ዓመት በታች ቡድን ያስቆጠረው፣ ከክለብ ጋር በተደረገ የልምምድ ጨዋታ ያስቆጠረው፣ በመለያ ምት ያስገባው አይደመርም።

ወደ ጎረቤቶቹ ስትሻገሩ

ያው መዝገብ ለሌሎቹ የደቡብ እስያ ቡድኖች ይሠራል፤ መነሻቸው ግን ይለያያል። ፓኪስታን በ1950 ኢራን ላይ ተሸንፋ ጀመረች፤ ባንግላዴሽ በ1973 ከታይላንድ ጋር 2 ለ 2 ወጥታ። በደቡብ እስያ ዋንጫ ህንድ እስከ 2023 ዘጠኝ ጊዜ አሸንፋለች። ሲሪላንካ በ1995፣ ባንግላዴሽ በ2003፣ ማልዲቭስ በ2008ና በ2018፣ አፍጋኒስታን በ2013 ወስደዋል። በ2018 በፍጻሜው በማልዲቭስ የተሸነፈው የህንድ ቡድን በአብዛኛው ከ23 ዓመት በታች በሆኑ ተጫዋቾች የተዋቀረ እንደነበር «ማስታወሻ» ላይ ይግባ። ቡታን ላይ ስትደርሱ ሁለት መስመር አትለፏቸው፦ በ2000 በኩዌት 20 ለ 0 መሸነፏ፣ በጁን 30፣ 2002 ደግሞ በፊፋ ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ የነበሩ ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ ሞንትሰራትን 4 ለ 0 ማሸነፏ። በመካከላቸው ያለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

አዲስ ጨዋታ በተካሄደ ቁጥር መስመሩን በማግስቱ አስገቡ፣ ግብ አስቆጣሪውን ከሁለት ቦታ አመሳክሩ፣ የጎል ክፍያውን ድምር ዳግመኛ አስሉ፣ ፋይሉንም በቀን ስም በሌላ ቅጂ አስቀምጡ። ሳታውቁት የአንድ ዓምድ ቅደም ተከተል ብቻ ብትቀይሩ ውጤቶቹ ከተጋጣሚዎቻቸው ይለያያሉ፤ ከዚያ የሚያድናችሁ የትናንቱ ቅጂ ነው።